የቅጽሩ ጥራጊ

ግንቦት አሥራ ስድስት ቀን ነው። ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ከብልባላ መንገድ ወደ ላይ የታጠፈ አንድ መንገደኛ፣ ይህን የሚጽፈው ሰው ማለት ነው፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያየው ነገር መጀመሪያ ግራ አጋባው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት በጠራራ ፀሐይ መንገዱ መሐል ቆማለች። ጥላ ያለው ቋጥኝ አሥር እርምጃ አይርቃትም። እሷ ግን ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። ቀረብ ሲል ነው እግሯ ሥር ያሉትን ያየው። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ድንጋይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የሴትዮዋ ጥላ ልክ ፊታቸው ላይ አርፏል። ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ሴትዮዋም ፈቀቅ ትላለች።

መነኩሲቷ ሲነቁ ሴትዮዋ ነጠላዋን ቶሎ አጣፋችና፣ ገና አሁን እንደ ደረሰች ሁሉ፣ "እማሆይ፣ እንዴት ዋሉ?" አለቻቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ፀሐዩ ዛሬ ራራልኝ" አሉ መነኩሲቷ፣ መቋሚያቸውን እየፈለጉ።

ሴትዮዋ መቋሚያውን አቀበለቻቸው።

ስሟ የሻረግ ነው። መነኩሲቷ ደግሞ እማሆይ ፋና ናቸው፤ በደብሩ በር አጠገብ ባለች ጎጆ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። እማሆይ ዳገቱን ቀጠሉ። የሻረግ ግን አልተከተለቻቸውም። ቋጥኙ ሥር ተቀምጣ፣ ከወገቧ ያሰረችውን የጨርቅ ከረጢት እየነካካች ወደ ተራራው ትከሻ ታያለች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ትመልሳለች።

"አይወጡም እንዴ?" አላት መንገደኛው።

"እወጣለሁ" አለች። "ከጠዋት ጀምሮ እወጣለሁ እያልኩ ነው።"

መንገደኛው ውኃ አቀበላትና እሱም ተቀመጠ። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ የነገረችው እዚያው ነው።

የሻረግ የምትሠራው ከዳገቱ ግርጌ፣ ወንዟ መንገዱን በምታቋርጥበት ቦታ ባለች ትንሽ የችግኝ ጣቢያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አሸዋ ነፍታለች፣ ፕላስቲክ ሞልታለች፣ መደብ አጠጥታለች። ኪዳነ ምሕረት ከበላይዋ ናት። ቅጽሩ በጥድና በወይራ የጨለመ ነው፤ ከውስጥ ሲቆሙ ሰማዩ በቀዳዳ እንጂ አይታይም። ከግንቡ ውጭ ያለው የደብሩ ዳገት ግን ራቁቱን ነው። የየሻረግ አያት ልጅ ሳሉም ራቁቱን ነበር ይባላል። ከዳገቱ ሥር ጠበሏ አለች።

የየሻረግ ልጅ ንጋት በሰባት ዓመቷ ታማ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠባት ጊዜ፣ በዚያች ጠበል ተጠምቃ ድናለች። የየሻረግ ለጠበሏ ያላት ፍቅር ከዚያ የመጣ ነው። ጠበሏ ግን እየሳሳች ነው። ድሮ አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም እንስራ ይሞላ ነበር። ዛሬ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ተጨምሮም ግማሽ አይደርስም።

የሰበካ ጉባኤው በጉዳዩ ሲመክር አንድ ቀን ሙሉ ተከራከረ። ሊቀመንበሩ ደግሰው ዳገቱ ባሕር ዛፍ ይተከልበት አለ። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ያፈሳል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቶሎ ማገር ይሆናል። ቄሰ ገበዙ መምሬ ገብረ ዮሐንስ ግን ባሕር ዛፍ ጠበሏን ይጠጣብናል ብለው ፈሩ፤ አያቶቻችን የተዉልን ጥድ ይሁን አሉ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። የሻረግ ጥድ ታፍላ፣ ሦስት ጊዜ ይሞከር። በሦስተኛውም ካልያዘ ባሕር ዛፍ ይገባል።

"ሦስት ጊዜ ብዙ መስሎኝ ነበር" አለች ለመንገደኛው።

በዚያ ደብር የቆየ ልማድ አለ። ቅጽሩ የመቃብር ቦታ ስለሆነ አፈሩ የሙታን ነው ይባላል፤ ከበር አይወጣም። መቃብር የቆፈረ ሰው ዶማውን በሩ ላይ ፍቆ፣ እጅና እግሩን ታጥቦ ነው የሚወጣው። እጣቢውም ሜዳ ላይ አይደፋም፤ ተመልሶ ዛፍ ሥር ይፈሳል። ማንም ጽፎ አልሰቀለውም። ማንም ግን አይጥሰውም።

የመጀመሪያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ከትልልቆቹ ጥዶች ሥር ወፍ ዘራሽ ችግኝ እንዲነቀል መምሬ ፈቀዱ። ጣት የማያህሉ፣ ገና ያቆጠቆጡ ነበሩ። የሻረግ ከወንዝ ውኃ አዝላ ወጣች። በሩ ላይ ተቀምጣ የሦስት መቶ ችግኝ ሥር አንድ በአንድ፣ እንደ አራስ ልጅ ገላ አጠበች። ከሥሩ ጋር አንዲት ቅንጣት የሙታን አፈር እንዳትወጣ ተጠነቀቀች። እጣቢውንም መልሳ ጥዱ ሥር ደፋች። መምሬ ቆመው ሲያዩዋት፣ "እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ይባረክ" አሏት። ያን ቀን ደስ ብሏት ወረደች።

ችግኞቹን ነፍታ ባዘጋጀችው አሸዋና አፈር ላይ ተከለቻቸው። እንዲጠነክሩ ብላም ማዳበሪያ ሰጠቻቸው። ከየት አምጥታ? ከገብሷ ቀንሳ። ያን ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ማዳበሪያ የመጣው ዘግይቶም አንሶም ነበር፤ ለእርሻቸው ከደረሳቸው ላይ እየቆነጠረች በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትወስድ ነበር። ጥዶቹ በሰኔ ጥቁር አረንጓዴ ሆኑ። የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያደንቃቸዋል። ሐምሌ ላይ በእልልታ ዳገቱ ላይ ወጡ።

ኅዳር ላይ ጫፋቸው ዛገ። ጥር ላይ ግማሾቹ ደረቁ። ሚያዝያ ላይ አንድም አልቀረም።

በሁለተኛው ሙከራ የሻረግ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተርበው ነው የሞቱት። ስለዚህ ማዳበሪያውን ጨመረች። ሥሩንም የበለጠ ጥንቅቅ አድርጋ አጠበች፤ ምናልባት በመጀመሪያው ጊዜ ሳታውቅ የሙታን አፈር አውጥታ እንደሆነ፣ የተቀጣችውም ለዚያ እንደሆነ በልቧ ፈርታ ነበር። ችግኞቹ ካለፈው ይልቅ አማሩ። ካለፈው ይልቅም ፈጥነው ሞቱ።

ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ሲያገኟት፣ "የሻረግ፣ ዘንድሮስ ስንት ቀበርሽ?" ይሏት ጀመር። ባሏም ገብሱን ሲወቃ ምርቱን አይቶ፣ "ገብሳችን ከሳ፣ ጥዱም ሞተ። ያ ሁሉ ማዳበሪያ ማን ሆድ ገባ?" አላት። እየሳቀ ነው ያለው። እሷ ግን ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት። እጄ ላይ ያለው ምንድን ነው ብላ መዳፏን ታይ ነበር። መደብ ከማጠጣቷ በፊት ታማትባለች፤ አጠጥታ ስትጨርስም ታማትባለች።

ከተከላው በኋላ በመጣው ሚያዝያ ነው አራቱን ያየችው።

ከሁለተኛው ተክል አራት ጥዶች በሕይወት ነበሩ። አራቱም በደብሩ በር አጠገብ፣ ከእማሆይ ፋና ጎጆ ሥር ናቸው። የሻረግ ተንበርክካ ነካቻቸው። አጫጭር ናቸው፤ ግን ጫፋቸው ላይ አዲስ ለምለም ወጥቷል።

"እማሆይ፣ ጸሎትዎ ነው" አለች።

"ጸሎቴ እንዲህ የሚሠራ ቢሆን መጀመሪያ ለጉልበቴ ባደረግሁት ነበር" አሉ እማሆይ። "እኔ ጥራጊ ነው የደፋሁባቸው።"

እማሆይ በየማለዳው ከጥዶቹ ሥር የረገፈውን ይጠርጋሉ። አገልግሎታቸው ነው። ጥራጊውን ከግንቡ በላይ ወደ ውጭ ይደፋሉ። ሠላሳ ዓመት አድርገውታል። ጥራጊ ጥራጊ ስለሆነ፣ ማንም አፈር ወጣ ብሎ አስቦ አያውቅም።

ያን ሰሞን ምስክር የምትባል የግብርና ባለሙያ ወደ ችግኝ ጣቢያው መጣች። ወጣት ናት፤ የሻረግን እትዬ ነው የምትላት። የሻረግ እጇን ይዛ ወደ አራቱ ጥዶች ወሰደቻት። ምስክር ጥራጊውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን አፈር አሸተተች። ከዚያ ስለ ሞቱት ጠየቀቻት። የሻረግ ምንም ሳትደብቅ ነገረቻት፤ አጠባውንም፣ ማዳበሪያውንም።

ምስክር ጣቷ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈች።

"እትዬ፣ ከሥሩ ጋር የሚኖር ፈንገስ አለ" አለቻት። "ከፀጉር የቀጠነ ነው። ሥሩ ሊደርስበት የማይችል ቦታ ገብቶ ውኃና ምግብ ያመጣለታል። ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። ተረዳድተው ነው የሚኖሩት። ዳገቱ ለዘመናት የተራቆተ ስለሆነ ያ ነገር እዚያ የቀረ አይመስለኝም። ቅጽሩ ውስጥ ግን መቼም አልጠፋም።"

"ጥራጊው ላይ የሚወጣው ነጩ ሻጋታ ነው?"

"አይደለም። ይኼ በዓይን አይታይም።"

የሻረግ በዓይን የማይታይ ነገር ማመን ከልጅነቷ ጀምሮ አላስቸገራትም። ያስቸገራት ቀጥሎ የመጣው ነው።

"ታዲያ እኔ አጥቤ..."

"ትንንሾቹ ከእናታቸው ሥር ሊያገኙት የሚችሉትን አጥበሽ አስቀረሽው። የቀረውንም ማዳበሪያው ገፋው። ችግኙ ምግቡ አፉ ድረስ ከመጣለት ከፈንገሱ ጋር ምን ያዛምደዋል? ፊቱን ያዞርበታል። አንቺ ጋ እያለ ውኃም ማዳበሪያም አለው፤ ቅጠሉ ይበዛል፣ ሥሩ ያንሳል። ዳገቱ ላይ ሲወጣ ብቻውን ቀረ።" የየሻረግን ፊት አይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማዳበሪያ ክፉ ነው እያልኩሽ አይደለም። ገብስሽ ይወደዋል። ለጥድም በልኩ የሚጠቅምበት አፈር ይኖራል። ለዚህ አፈር ልኩ ስንት እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም። ሳንሞክረው ማንም አያውቅም።"

የሻረግ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም። እጆቿን ታይ ነበር። ሦስት መቶና ሦስት መቶ ሥር፤ ከገብሷ የቀነሰችውም እንደዚሁ። በፍቅር ያደረገችው ሁሉ ነው የገደላቸው።

አንድ ሙከራ ብቻ ቀርቷታል። ለዚያ ደግሞ ከቅጽሩ አፈር ያስፈልጋታል።

ወደ መምሬ ገብረ ዮሐንስ የሄደችው ከሁለት ሳምንት ማመንታት በኋላ ነው። መምሬ ከቅዳሴ ወጥተው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እማሆይ ፋናም መጥረጊያቸውን ይዘው እዚያው ናቸው።

"አባቴ፣ አፈር ፈልጌ ነው።"

"ማን ሞተ?" አሉ መምሬ ደንግጠው።

"ማንም አልሞተም፤ ለችግኝ ነው። ከጥዱ ሥር።"

መምሬ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ልጄ፣ እኔ ያላሰርኩትን እንዴት እፈታለሁ? አባቶቼ ከዚህ አፈር አይወጣም ብለው ነው ያስረከቡኝ። የአንቺም አባት እዚህ ተኝቷል።"

የሻረግ መሬት ስማ ልትነሣ ስትል እማሆይ ፋና ጣልቃ ገቡ።

"መምሬ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጥራጊ ሳወጣ ምን ብለውኝ ያውቃሉ?"

"ምን እላለሁ? ጥራጊ ነዋ!"

"እንግዲያማ ይጠረግ።"

መምሬ ሊስቁ ከጀሉና ተዉት። ሦስት ቀን ጸሎት ላድርግበት አሉ። የሻረግ እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አታስታውሰውም። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። መጥረጊያ ከሚያነሣው በቀር ዶማ አይነካም፤ መቃብር ካለበት ወገን አይጠረግም፤ የተጠረገውም ወደ ሌላ ሰው መሬት ሳይሆን ወደ ደብሩ ዳገት ብቻ ይሄዳል። "ከደብሩ ወደ ደብሩ ከሄደ መች ወጣ?" አሉ መምሬ። ችግኙንም ሥሩን ሳታጥብ እንድታወጣ ፈቀዱላት።

በማግስቱ እማሆይ ፋና በሰባ ስምንት ዓመታቸው ወገባቸውን አስረው ጠረጉ። ከረገፈው ጋር የላዩ ጥቁር አፈር እየተገለበጠ ሲነሣ መምሬ ከሩቅ አይተው፣ "እማሆይ፣ መጥረጊያ ነው ወይስ ዶማ?" አሏቸው።

"የመጥረጊያው ሰንበሌጥ ጠንክሮ ነው፣ አባቴ" አሉ እማሆይ ቀና ሳይሉ።

አራት ቁና ሞላ። የሻረግ ቁናውን ተሸክማ ስትወርድ አንድም ቅንጣት መንገድ ላይ እንዳይወድቅ እግሯን እየቆጠበች ነው የሄደችው።

መስከረም ላይ በምስክር ምክር ችግኞቹን ለሁለት ከፈለቻቸው። መቶው እንደ ዱሮው ታጥበው ማዳበሪያ ይሰጣቸው። መቶው ሳይታጠቡ፣ በየፕላስቲኩ አንድ አንድ እፍኝ ጥራጊ ይደረግላቸው፤ ማዳበሪያ ግን አይቅመሱ።

እዚህ ላይ ነው የየሻረግ ጭንቀት የበረታው። የካቲት ላይ ማዳበሪያ የበሉት ስንዝር አለፉ። የጥራጊዎቹ ግማሻቸውን አያህሉም፤ ቢጫ ቢጫም ብለዋል። ማለዳ ማለዳ ስትመጣ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትንንሾቹ ነው። ምስክር ታገሺ ትላታለች። ግን ምስክር በወር አንዴ ነው የምትመጣው፤ የሻረግ ደግሞ በየቀኑ ታያቸዋለች።

አንድ ቀን መታገሥ አቃታት። ከማዳበሪያው እፍኝ ዘግና በማጠጫው ውኃ በጠበጠችው። ከትንንሾቹ መደብ ዳር ጀምራ አጠጣች። ሃያ ላይ ስትደርስ ያ ጥቁር አረንጓዴ፣ ያ የሚያምረውና የሚሞተው ቀለም ትዝ አላት።  የቀረውን ሜዳ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። ለምስክር አልነገረቻትም። የነገረችው ለእማሆይ ብቻ ነው።

"ችግኙም እንዳንቺ ይጨነቅ ብለሽ ነው?" አሏት እማሆይ።

ሐምሌ ላይ ጉባኤው ችግኝ ሊረከብ ወረደ። ደግሰው በሁለቱ መደቦች መካከል ቆሞ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ አየ። ከትንንሾቹ አንዱን አነሣ።

"እህቴ፣ ይኼ ጥድ ነው ወይስ የጥድ ስም?"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ረጃጅሞቹን ብቻ እንትከል" አለ ደግሰው። "ድንኮቹን እማሆይ ጎጆ በር ላይ ይትከሏቸው፣ ቤት ይጠብቁላቸው።"

የሻረግ በሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ያን ቀን ግን ተናገረች። "ጋሼ ደግሰው፣ ሁለት ጊዜ ረጃጅሞቹን ተከልን። ሁለት ጊዜ አብረን አለቀስን። አሁን ሁለቱንም ይትከሉልኝ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ጎን ለጎን። ያኔ መሬቱ ነው የገደላቸው የሚል ሰው አይኖርም።"

ደግሰው ጢሙን አሻሸ። "ይሁን። ግን ይኼ ሦስተኛው ነው። በሚቀጥለው ግንቦት፣ ከኪዳነ ምሕረት ቀጥሎ ባለው እሑድ ቆጥረን እንወስናለን፤ በጎ ካልሆነ የባሕር ዛፉን ጉድጓድ እኔ ራሴ እቆፍራለሁ። ቅር እንዳትይኝ።"

"አልልም" አለች። ዋሽታለች።

ተከሉ። ከእያንዳንዱ የጥራጊ ችግኝ አጠገብ አንድ ነጭ ድንጋይ አኖሩ፤ ለይቶ ለማወቅ ነው። የሻረግ ማዳበሪያ ያቀመሰቻቸውን ሃያዎቹን በረድፉ መጨረሻ በእጇ ተክላ ሁለት ሁለት ድንጋይ አደረገችላቸው።

"ይኼ ለምን ሁለት?" አለ ደግሰው።

"ድንጋይ ተርፎ ነው" አለች። ሌላ ውሸት።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማ በተራራው ትከሻ ዞራ ትወርድ ነበር። ጥቅምት ላይ ሁሉም ደኅና ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ውርጭ መጣ፤ ረጃጅሞቹ ጫፋቸው ተቃጠለ፣ አጫጭሮቹም ጠቆሩ። ጥር ላይ ፍየል አጥሩን ጥሶ ገብቶ ከሁለቱም ወገን በላ። የካቲት ላይ ከረጃጅሞቹ መዛግ የጀመሩ ነበሩ፤ አጫጭሮቹ ደግሞ አላደጉም፣ አልሞቱም፤ ምን እያሰቡ እንደሆነ አይታወቅም። መጋቢት ላይ በልጉ ይዘንባል ብላ ሰማይ ሰማይ ታይ ነበር። በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። በመጋቢት አሥራ ስድስት ከደብሩ በር ተሳልማ፣ ትከሻው ጋ ስትደርስ ማየቱን ፈርታ ተመለሰች። በሚያዝያም እንዲሁ።

"ሁለት ወር ሙሉ አላየኋቸውም" አለች ለመንገደኛው። "ሰው ሲወርድ ፊቱን አያለሁ። ያዘነ ከመሰለኝ ሞተዋል እላለሁ። የሳቀ እንደሆነ ደግሞ በእኔ የሳቀ ይመስለኛል።"

"እማሆይን ለምን አልጠየቁም?"

"የእማሆይ ዓይን ከጎጇቸው በር አያልፍም። መምሬን እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ ለእኔ ብለው የአባቶቻቸውን ቃል እስከዚያ ድረስ ያሳሱ ሰው ናቸው። ምስክርን እንዳልጠይቅ ደግሞ ስለ ሃያዎቹ ደብቄያታለሁ። የፊታችን እሑድ ጉባኤው ይወጣል። ከሰው ጋር ቆሜ ከምሰማው በፊት ማወቅ ፈለግሁ። ይኸው ከጠዋት ጀምሬ እዚህ ደርሻለሁ።"

ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ነበረች። ከላይ፣ ከቅጽሩ በኩል፣ የእማሆይ መጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። የሻረግ ከወገቧ ከረጢቷን ፈታች። በውስጡ ሦስት ትንንሽ ቋጠሮዎች አሉ። አንዱን ፈታ አሳየችው፤ ሽንብራ ነው። ሁለተኛው ባቄላ፣ ሦስተኛው አተር።

"አንቱ እንግዳ ነዎት" አለች። "ማንንም አያውቁ፣ ለማንም አያደሉ። እኔ የገዛ እጄን ፍሬ መቁጠር አልችልም። እናቴ ጥጆቿን እንኳ ቆጥራ አታውቅም ነበር፤ እግዚአብሔር የሰጠውን የቆጠረ ይጎድልበታል ትለን ነበር። ንጉሥ ዳዊትም ሕዝቡን ቆጥሮ ምን እንደደረሰበት ያነበቡ ይመስለኛል።"

"አንብቤያለሁ።"

"እንግዲህ ይሄዱልኛል? በትከሻው ይዙሩ፤ ከግንቡ ሥር እስከ ጠበሏ ነው። ቁጥር አይጥሩ። አንድ ድንጋይ ያለውና በሕይወት ያለ ሲያገኙ አንድ ሽንብራ ይክተቱ። ድንጋይ የሌለው ሲሆን አንድ ባቄላ። ሁለት ድንጋይ ያለው ሲሆን አንድ አተር፤ ስለ ውሸቴ እነሱንም ማወቅ አለብኝ፣ ለምስክር የምነግራት ነው። ቢጫ ሆኖ ግራ ካጋባዎት ቅርፊቱን በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካለ አለ ማለት ነው።"

ሦስቱን ቋጠሮዎች አስይዛው ባዶውን ከረጢት በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

"ሲመለሱ ምንም አይንገሩኝ። ከረጢቱን ብቻ እጄ ላይ ያኑሩልኝ፤ ክብደቱን እኔ አውቀዋለሁ። ባዶ ከሆነም ባዶውን ይስጡኝ። ብቻ፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው፣ ቶሎ ይመለሱ።"